የፎም ሣጥን ሲቀር በምን እንሸጥ?

በማኅበራችን የአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በምግብ ሥራ ንዑስ ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር



ይህን ንግግር የምናቀርበው በምግብ ሥራ ንዑስ ኮሚቴው ስም ነው። በኮሚቴው ያለነው ሁላችንም ኑሯችን ከምግብ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ከመካከላችን አነስተኛ ሬስቶራንት ያላት አለች፤ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል አለች፤ ለሰርግ፣ ለክርስትናና ለተዝካር ኬተሪንግ የምንሠራም አለን። ባለፈው ስብሰባ ቨርጂኒያ የሚኖሩ እህቶቻችን፣ «ስታይሮፎም ሊከለከል ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ? ከተከለከለስ በምን እንሸጥ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አጣርታችሁ ንገሩን ተባልን። ዛሬ መልሱን ይዘን ቀርበናል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አዎ፣ እውነት ነው። በቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የተዘጋጀ ምግብ የሚሸጥ ማንም ሰው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ምግቡን በፎም ሣጥን፣ ሰሃን ወይም ኩባያ ማቅረብ አይችልም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ «በምን እንሸጥ?» የሚለው፣ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። አብዛኛው ጊዜያችንም የሚሄደው እሱ ላይ ነው።

ሦስት አስተዳደር፣ ሦስት ዓይነት ሕግ

የምንኖርበት አካባቢ ለእኛ እንደ አንድ ከተማ ነው። አሌክሳንድሪያ ወጥ የሠራች እህት ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግራ ሲልቨር ስፕሪንግ ታደርሳለች፤ በማግስቱ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ትዕዛዝ ይኖራታል። ሕጉ ግን ድልድዩን በተሻገርን ቁጥር ይለወጣል። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንየው።

ዋሽንግተን ዲሲ ቀዳሚ ነው። ፎም የተከለከለው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ሁለተኛ ግዴታ ተጨመረበት። ምግብ የሚቀርብበት የሚጣል ዕቃ ሁሉ ወይ ሪሳይክል የሚደረግ ወይ ወደ ኮምፖስት የሚለወጥ መሆን አለበት ተባለ። በ2019 የፕላስቲክ ስትሮ ተከለከለ፤ በአካል ጉዳት ምክንያት ለሚያስፈልገው ሰው ግን እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የሚጣል ሹካና ማንኪያ ደንበኛው ካልጠየቀ በስተቀር ከምግቡ ጋር አይሰጥም። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ጉዳት የለውም፤ በእጃችን ለሚበላ ምግብ ሹካ ስንጨምር የኖርነው በልማድ ነው።

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ከዲሲ እኩል፣ በጃኑዋሪ 2016፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ በዚያው ዓመት ጁላይ ፎምን ከለከሉ። ከዚያም ስቴቱ በሙሉ ተከተለ። ሕጉ በ2019 ወጣ፤ በጁላይ 2020 ሊጀምር የነበረው በኮቪድ ምክንያት ተገፍቶ ኦክቶበር 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ ዋለ። አጥፊው መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በሦስት ወር ውስጥ ካላስተካከለ እስከ 250 ዶላር ይቀጣል።

ቨርጂኒያ የመጨረሻዋ ናት። ሕጉ ከወጣ ቢቆይም ቀኑ ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋውጧል፤ ብዙዎቻችን «ይቀራል» ብለን የተዘናጋነውም ለዚህ ነው። በመጨረሻ በሁለት ደረጃ እንዲፈጸም ተወሰነ። 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች በጁላይ 1 ቀን 2025 ጀመሩ፤ የቀረነው ሁሉ በጁላይ 1 ቀን 2026 እንጀምራለን። ቅጣቱ በቀን እስከ 50 ዶላር ነው። በቀን መባሉን ልብ በሉ፤ ለአንድ ወር ከቀጠለ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በሌላ በኩል ሕጉ ከባድ የኢኮኖሚ ችግር እንዳለበት ለሚያስረዳ ነጋዴ፣ በአካባቢው አስተዳደር በኩል እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚገኝበትን በር ትቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የመጀመሪያው የፎም ሕግና የፌስታል ሕግ ነው። በቨርጂኒያ በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ከ2022 ጀምሮ በፌስታል ላይ 5 ሳንቲም ይከፈላል። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከ2024፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ሱቆች በካሸሩ ጋር የፕላስቲክ ፌስታል መስጠት አይችሉም፤ ለወረቀት ከረጢት 10 ሳንቲም ይጠየቃል። እነዚህ ሕጎች የሚመለከቱት ገዢው ዕቃውን ይዞ የሚወጣበትን ፌስታል ነው። እንጀራችን ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥበትን ላስቲክ አይመለከቱም። «የእንጀራ ላስቲክም ተከለከለ» የሚለው ወሬ ስህተት ነውና እንጀራ የምታከፋፍሉ እህቶች አትደንግጡ።

ሁለተኛው ጥሬ ሥጋ ነው። በዲሲና በሜሪላንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ጥሬ ሥጋ ለቤት የሚታሸግበት የፎም ትሪ ከክልከላው ውጭ ነው። የበሰለ ጥብስ ግን በዚያው ትሪ መሸጥ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ቀንና ቁጥር መያዝ ለማይመቻት እህት አንድ ቀላል ደንብ አውጥተናል። ከሦስቱ ጥብቁ የዲሲ ነው። ፎም ያልሆነና ሪሳይክል ወይም ኮምፖስት የሚደረግ ዕቃ ከመረጥን፣ ለዲሲ የሚሆነው ለሜሪላንድም ለቨርጂኒያም ይሆናል። ለየድልድዩ የተለያየ ሣጥን መግዛት አያስፈልግም።

ሕጉ ለምን መጣ?

አንዳንድ አባላት «እኛን ሊያስቸግሩ ነው» ብለው ሲያዝኑ ሰምተናል። ምክንያቱን ማወቅ ለሥራችንም ስለሚጠቅም በአጭሩ እንንገራችሁ።

ፎም ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ በአየር ተነፍቶ የሚሠራ ነው። ከመጠኑ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አየር ነው። ቀላልና ርካሽ የሆነው፣ ሙቀት የሚይዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሪሳይክል ለማድረግ የማያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ መኪና ሙሉ ፎም ቢጫን የሚገኘው ፕላስቲክ ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ ወጥ ነክቶታል። ሲጣል ነፋስ ያነሳዋል፤ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተፈርፍሮ ትንንሽ ነጭ ጠጠር ይሆናል እንጂ አይበሰብስም። በዲሲ መሐል የሚያልፈው የአናኮስቲያ ወንዝ በቆሻሻ ብዛት የታወቀ ስለነበር፣ በ2010 ወደ ወንዙ ሊገባ በሚችለው ቆሻሻ ላይ ገደብ ተጣለ። የዲሲ የፌስታል 5 ሳንቲም በዚያው ዓመት የጀመረ ሲሆን፣ የፎም ክልከላው ቀጥሎ የመጣ ነው።

ሌላው የጤና ጉዳይ ነው። ፎም የሚሠራበት ስታይሪን የተባለ ኬሚካል በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ባለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2018 በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ተርታ ተመድቧል። ይህ ማለት ከፎም የበላ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ነገር ግን ኬሚካሉ ወደ ምግብ የሚያልፈው በተለይ ምግቡ ሲሞቅና ቅባት ሲበዛበት ነው። ከምድጃ የወረደ፣ ቂቤው ከላይ የሚንሳፈፍ ዶሮ ወጥ ሙቅም ቅባታምም ነው። ፎም ወደ ውኃ መፍያ በሚጠጋ ሙቀት ይለሰልሳል፤ የሚንተከተክ ወጥ ስንጨምርበት ታችኛው ሲሸበሸብና ሲጣመም ያላየች ምግብ ሠሪ ከመካከላችን የለችም። ለራሳችን ልጆች የማንመርጠውን ለደንበኛ ባንሰጥ መልካም ነው።

ወጪው የሚከብደው ለማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የፎም ሣጥን የተወደደው በርካሽነቱ ነበር። በሱ ፋንታ የሚገዛው ሁሉ ይወደዳል። ምን ያህል እንደሚወደድ እንደ ዓይነቱና እንደ ብዛቱ ይለያያል። ሒሳቡን ለመረዳት ያህል ግን የአንዱ ሣጥን ልዩነት 15 ሳንቲም ነው እንበል። በሳምንት 200 ሣጥን የምትሸጥ እህት በሳምንት 30 ዶላር ትጨምራለች። በዓመት 50 ሳምንት ብትሠራ 1,500 ዶላር ይሆናል።

ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለትልቅ ሬስቶራንት መልሱ ቀላል ነው። በኮንትራት በብዛት ስለሚገዛ የአንዱን ዋጋ ያስቀንሳል፤ የቀረውን በምግቡ ዋጋ ላይ ይጨምራል። መጋዘንም ስላለው የስድስት ወር ዕቃ በአንዴ ያስገባል። እኛ ግን የምንገዛው ባለ 50 ፍሬ ጥቅል ነው፤ ትዕዛዝ ሲመጣ ብቻ፣ በችርቻሮ ዋጋ፣ ብዙ ጊዜም በዋዜማው። ያው ሣጥን በካርቶን ሲገዛ አንድ ዋጋ አለው፣ በጥቅል ሲገዛ ሌላ ዋጋ። ሕጉ ለሁላችንም እኩል የተጻፈ ቢሆንም በጥቅል ለምትገዛው እህት ይበልጥ ይከብዳል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አንድ ልማድ አለን። በኮሚቴው ውስጥ ተቀምጠን ዋጋችንን እንዴት እንደምንተምን ስንነጋገር ያገኘነው ነው። ሥጋውን እንቆጥራለን፤ ቂቤውን፣ በርበሬውን፣ ሽንኩርቱን እንቆጥራለን። ሣጥኑን፣ ክዳኑን፣ ፎይሉን፣ ናፕኪኑን አንቆጥርም። የራሳችንን ሰዓት ደግሞ ጨርሶ አንቆጥርም። ርካሽ ፎም ባለበት ዘመን ይህ ግድፈት አይታወቅም ነበር፤ ጥቂት ሳንቲም ስለሆነ ከትርፉ ውስጥ ይጠፋል። አሁን ግን ሣጥኑ ሲወደድ፣ ያልተቆጠረው ነገር ከድካም ዋጋችን ላይ እየተቆረሰ ይሄዳል። ያቺ 1,500 ዶላር የማትታይ ስለሆነች ማንም አይከፍላትም፤ ከቤተሰባችን ወጪ ላይ ትነሳለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ገንዘብ የማያስወጣ ነው። እያንዳንዳችን የአንድን ምግብ ማሸጊያ በሙሉ እንቁጠርና በዋጋው ላይ እናስገባ። ደንበኛ ይሸሻል ብለን የምንፈራ አለን። ለአንድ ምግብ 25 ወይም 50 ሳንቲም ስንጨምር ግን «ሣጥኑ ተለውጧል፤ ሕጉ አስገድዶናል» ብለን በግልጽ እንንገር። ደንበኞቻችን ተመሳሳይ ጭማሪ በየሬስቶራንቱ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ዋጋ ስንጨምር ከሚያስቀይማቸው ይልቅ ምግቡ መኪናቸው ውስጥ ሲፈስ የሚያስቀይማቸው ይበልጣል።

ምግባችን ምን ዓይነት ማሸጊያ ይፈልጋል?

የሣጥን ነጋዴ ስለ ሳንድዊችና ስለ ሰላጣ ሊነግረን ይችላል። ስለ ወጥ የምናውቀው ግን እኛ ነን። ወጥ ትኩስ ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ ቅባት አለው፤ በርበሬው የነካውን ሁሉ ያቀልማል። እንጀራ ደግሞ ለብቻው ጠባይ አለው። ትኩሱን ካሸጉት ያልበዋል፣ ይሻግታል፤ በወረቀት ብቻ ከጠቀለሉት ይደርቃል። ስለዚህ አንድ ሣጥን ለሁሉ አይሆንም። በገበያ ላይ ያሉትን ዋና ዋናዎቹን ወስደን በየቤታችን ሞክረናቸዋል፤ ያየነው ይህን ይመስላል።

ለወጥ ከሁሉ የተሻለው ክዳኑ የሚገጥም፣ ከሥሩ 5 ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። ሙቀት ይችላል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይገባል፤ አይፈስም። ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፤ አበሻ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ እንደማይጣል የምታውቁት ነው። ከጥቁሩ ይልቅ ነጩን ወይም ብርሃን የሚያስተላልፈውን ምረጡ፤ ጥቁር ፕላስቲክ በሪሳይክል ጣቢያ ያሉት ማሽኖች በብርሃን ሲለዩ አያዩትም።

በየዓይነቱን ከነእንጀራው ለማሸግ ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ተረፈ የሚሠራው ነጭ ወይም ቡናማ ሣጥን ጥሩ ነው። ጠንካራ ነው፤ ሙቀት ይችላል፤ ጎመንና አተር ክክ፣ ድንችና ካሮት በደህና ይይዛል። ፈሳሽ ነገር ግን ሲቆይበት ይርሳል። ስለዚህ ሽሮውንና ምስር ወጡን በትንሽ ክዳን ባለው ኩባያ ለብቻ አድርጎ፣ እንጀራውንና ደረቁን በሣጥኑ ማድረግ ይሻላል። እንጀራው ሳይቀዘቅዝ እንዳይታጠፍ፤ ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ለኬተሪንግ የአሉሚኒየም ትሪው እንዳለ ይቆያል። ሕጉ አይነካውም፤ ከታጠበም ሪሳይክል ይደረጋል። ጥንቃቄው አንድ ነው። ሎሚና ጨው የበዛበትን፣ ለምሳሌ የቲማቲም ሰላጣን፣ በአሉሚኒየም ውስጥ አታሳድሩት፤ ብረቱን ይበላዋል።

አሁን ደግሞ ስለሚያታልሉት። «ኮምፖስታብል» ተብለው የሚሸጡ፣ ብርጭቆ የመሰሉ ግልጽ ኩባያዎችና ሣጥኖች አሉ። ብዙዎቹ ከበቆሎ ከሚገኝ ፒ ኤል ኤ ከሚባል ነገር የተሠሩ ናቸው። ለቀዝቃዛ ነገር፣ ለጁስና ለሰላጣ፣ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መለስለስ ይጀምራሉ። አንዲት እህታችን ከአንድ አከፋፋይ «ለማንኛውም ምግብ ይሆናል» ተብላ ገዝታ ትኩስ ሽሮ ስታደርግበት ኩባያው እጇ ላይ ታጥፏል። ደግሞም እነዚህ ነገሮች በጓሯችን አፈር ውስጥ አይበሰብሱም፤ ከፍተኛ ሙቀት ያለው የኮምፖስት ጣቢያ ይፈልጋሉ። ከቆሻሻ ጋር ከተጣሉ ከሌላው ፕላስቲክ ብዙም አይለዩም። ስለዚህ ስሙን አይተን ተጨማሪ ገንዘብ እንዳንከፍል።

ሌላው ፒፋስ የሚባለው ኬሚካል ነው። የወረቀትና የሸንኮራ አገዳ ሣጥኖች ቅባት እንዳያሳልፉ ሲባል ብዙ ጊዜ ይጨመርባቸው ነበር። ሜሪላንድ ከጃኑዋሪ 2024 ጀምሮ ሆን ተብሎ የተጨመረበትን የምግብ ማሸጊያ ከልክላለች። በየካቲት ወር 2024 ደግሞ የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ኬሚካል የተሠራ ቅባት መከላከያ ለምግብ ወረቀት መሸጡ በአገሪቱ ማብቃቱን አስታውቋል። እናም ስትገዙ ከካርቶኑ ላይ «ፒፋስ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ከሌለ ሻጩን ጠይቁ። ከቆየ ክምችት በርካሽ የሚሸጥ ሣጥን ስታገኙ ደግሞ በተለይ ጠይቁ።

የማይጣለውን ዕቃ አንርሳ

እስካሁን የተናገርነው አንዱን የሚጣል ዕቃ በሌላ ስለመለወጥ ነው። ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፤ እሱንም ከማንም መማር አያስፈልገንም።

አያቶቻችን መንገደኛ ሲሸኙ ምግቡን በአገልግል ነበር የሚያሲዙት። ተሰፍቶ በቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር፣ ደርሶ የሚመለስ ዕቃ ነው። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል። እድር ደግሞ የራሱ ድስት፣ የራሱ ሰሃንና ብርጭቆ አለው፤ ልቅሶ ቤት ይሄዳል፣ ታጥቦ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ የጎደለውን ያጎደለ ይተካል። ይህ ሁሉ ሕግ ሳያስገድድ የተሠራ ነው።

እዚህ አገር ግን በየክርስትናው፣ በየተዝካሩና በየስብሰባው የሚሆነውን እናውቃለን። 150 ሰው ሲመጣ 150 ሰሃን፣ ብዙ ጊዜም እጥፍ ተደርጎ፣ ለቡናው ደግሞ የፎም ኩባያ። ምሽት ላይ አሥር ጥቁር ከረጢት ቆሻሻ ይወጣል። ቡና በስኒ መጠጣት የምናውቅ ሰዎች በፎም ኩባያ ስንጠጣ ብንገኝ ያስቃል፤ ግን ምክንያት አለው። ማን ያጥባል? የሚለው ጥያቄ ነው። የሚያጥቡት ደግሞ ሁልጊዜ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የማይጣል ሰሃን እንግዛ ስንል ማጠቡን ለእናቶቻችን ጨምረን እንዳንጭን መጠንቀቅ አለብን። ኮሚቴው የሚያቀርበው፣ ማኅበሩ የራሱ የማይዝግ ብረት ሰሃንና የስኒ ስብስብ ይኑረው፤ ለአባላት በአነስተኛ ክፍያ ይከራይ፤ ክፍያው ለሚያጥበው ሰው ይሁን የሚል ነው። የሚያጥበው ሰው ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ ላይ ሴት ትሁን ተብሎ አልተጻፈም።

በነገራችን ላይ ይህ ጉዳይ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታልን ከልክለዋል። በአገራችንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2025 ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አገር ቤት ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ በትንሽ በትንሹ የሚሸጡ እህቶችና ዘመዶች ያሉን ብዙ ነን። እነሱም «በምን እንሽጥ?» እያሉ ነው። ብር ስንልክ ይህንንም ብንጠይቃቸው፣ እኛ የሞከርነውንም ብንነግራቸው ዋጋ አለው።

አብሮ መግዛት

በኮሚቴው ውስጥ ሦስት ሐሳብ ተነሥቶ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ተቆጣጣሪ ወደ ትንሽ ሰው አይመጣም፤ እስኪመጣ በያዝነው እንቀጥል» አልን። ሌሎቻችን «ያ ለአንዲት እህት ሊሠራ ይችላል፤ ማኅበሩ ግን አባላቱን ለቅጣት ሊያጋልጥ አይገባም» አልን። ደግሞም ትዕዛዝ የሚሰጡን መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሕጉን ያውቃሉ፤ በፎም ይዘን ብንሄድ ሁለተኛ አይጠሩንም። ሦስተኛው ሐሳብ የኢኮኖሚ ችግር አለብን ብሎ የአንድ ዓመት ፈቃድ መጠየቅ ነበር። ይህን በእርግጥ የተቸገረች እህት ብትጠይቅ ማኅበሩ ማመልከቻውን በመጻፍ ይረዳታል። ለሁላችን መፍትሔ ግን አይሆንም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሣጥኑም ዋጋውም እዚያው ይጠብቁናል።

የተስማማንበት ይህ ነው። ችግራችን ሣጥኑ መወደዱ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዳችን ለብቻችን መግዛታችን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አንዲት እህት አሥር ካርቶን ሣጥን ገዝታ አፓርታማዋ ውስጥ የት ታስቀምጠዋለች? ገንዘቡንስ ቀድማ ከየት ታመጣለች? ሃያ ሆነን ብንገዛ ግን የካርቶን ዋጋ እናገኛለን፤ እያንዳንዷም የምትፈልገውን ያህል ትወስዳለች። እቁብ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመሥራት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ሐሳብ እናቀርባለን፤ ተወያይታችሁ ወስኑበት።

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማናችንም አዲስ ፎም አንግዛ። ቨርጂኒያ ያላችሁ በእጃችሁ ያለውን ከጁላይ 1 በፊት ጨርሱ። የተረፈውን ወደ ሜሪላንድና ወደ ዲሲ አታምጡት፤ እዚያ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ከቁጠባ ሣጥኑ ለጋራ ግዢ የሚሆን ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይመድብ። አባላት የሚፈልጉትን ዓይነትና ብዛት እስከ ሜይ መጨረሻ ያስመዝግቡ። የመጀመሪያው ግዢ ሦስት ዓይነት ብቻ ይሁን፤ ባለ 5 ቁጥር ክዳን ያለው ዕቃ፣ የሸንኮራ አገዳ ሣጥን፣ ትንሽ የወጥ ኩባያ። ዕቃውን የወሰደች እህት በስልሳ ቀን ውስጥ ትክፈል።

ሦስተኛ፣ የማሸጊያ ወጪን በምግብ ዋጋ ውስጥ ማስገባትን የሚያሳይ አንድ ገጽ የሒሳብ ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅተናል። የፈለገች እህት ከስብሰባው በኋላ ትውሰድ። ሒሳቡን አብረናት እንሠራለን።

አራተኛ፣ ማኅበሩ የራሱን ሰሃንና ስኒ ይግዛ፤ ከመስከረም ጀምሮ የእኛ ስብሰባዎች ያለ ፎም ይሁኑ። ለሌላው ከመናገራችን በፊት በቤታችን እንጀምር።

እህቶቻችን፣ ይህ ሥራ ለብዙዎቻችን የኪስ ገንዘብ አይደለም። የቤት ኪራይ ነው፤ የልጆች ትምህርት ነው፤ አገር ቤት የሚላክ ነው። ከመካከላችን እንግሊዝኛ ሳናውቅ፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ ሳናውቅ፣ በአንድ ድስትና በአንድ ምጣድ የጀመርን አለን። ከዚያ የከበደ ነገር አልፈናል። ይህንንም ለየብቻ ካልሆንን በትንሽ ወጪ እናልፈዋለን።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የሞከርናቸውን ሣጥኖችም ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ደርድረናል፤ እያነሳችሁ እዩአቸው።